የማጭዷ ደሴት ውሃ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ ከድጃ የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አረፍ በል።» እኔ ደግሞ ማረፍ አላውቅበትም። ጠዋት ተነስቼ ጎረቤት ከተማ አልባኒ ባሕሩ ዳር ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ መኪና ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሳ እወጣለሁ፣ ከዚያ ከሳሎኑ መስኮት ወደ ኩሽናው መስኮት እመላለሳለሁ። «ምንጣፉን ጨረስከው እኮ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እግሬ አርፎ አያውቅም። ሥራዬ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ አንድ ቦታ ላይ ማፍጠጥ ነበር። እንዲህ ላለ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ሥራ እንደደረሰው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ጓደኛዬ ታደሰም አይገባውም ነበር። ታደሰ አሜሪካ፣ ኦክላንድ እንደመጣሁ ታክሲ ያስጀመረኝ ሰው ነው፤ እሱ እስካሁን ይነዳል። ምሳ ላይ ስንገናኝ «አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ ሥራህ በቁርጡ ምንድነው?» ይለኝ ነበር። ካርታ ሠሪ ነኝ እለዋለሁ። «የየት አገር?» የብዙ አገር፣ ከሁሉ የበዛውን ጊዜ ያጠፋሁት ግን በአንዲት ደሴት ካርታ ላይ ነው፣ ሰው የለባትም እለዋለሁ። «ሰው ከሌለባት ካርታው ለማን ነው ታዲያ?» ብሎ ይስቅ ነበር። በዚህ ጥያቄ ስንት ዓመት አናደደኝ። የሚያናድደኝ ደግሞ መልሱን ስለማላውቀው ነበር።

ሙያውን የተማርኩት አገር ቤት ነው። ወጣት ሳለሁ ካርታ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ ፎቶ የሚያነሳው አውሮፕላን ከመምጣቱ በፊት ወሎ ውስጥ ተራራ ለተራራ እየዞርን ምልክት እናነጥፍ ነበር። ምልክቱ ከነጭ አቡጀዲ የሚሠራ ሦስት እግር ነው። ሦስት ረጃጅም ቁራጭ ጨርቅ ከአንድ መሃል ተነስቶ ወደ ሦስት አቅጣጫ ይዘረጋና ዳር ዳሩ ድንጋይ ይጫንበታል። ከሰማይ ሲታይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ትርጉሙም «እዚህ ላይ ሰው ቆሞ ለክቷል፣ ይህን እመኑ» ነው። የቀረውን መሬት ሁሉ ከዚያ እየተነሳህ ነው የምታሰላው። አንዳንዴ አውሮፕላኑ ሳይደርስ ጨርቁ ይጠፋና የመንደሩ ልጆች አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ይመጣሉ። አለቃችን ይንጨረጨራል፣ እኛ ዞር ብለን እንስቃለን።

እዚህ ጥቂት ዓመት ታክሲ ከነዳሁ በኋላ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ኦክላንድ ውስጥ ከጎማ መሸጫ በላይ ያለች አንዲት ትንሽ ካርታ ቤት ሰው እንደምትፈልግ ሰማሁ። ደመወዙ ታክሲ ደህና ሲሠራ ከሚያስገባው ያንሳል፣ የጤና ኢንሹራንስ ግን አለው። ከድጃ ኢንሹራንስ የሚለውን ቃል ስትሰማ «ነገውኑ ሂድ» አለችኝ።

የተቀበሉኝ የቤቱ ኃላፊ ዶሪስ የሚባሉ ጠና ያሉ አሜሪካዊት ነበሩ። ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ ሰጡኝና «ምን ይታይሃል?» አሉኝ። እኔ ከመናገሬ በፊት ፎቶውን አዙሬ ጥላው ወደ ራሴ እንዲወድቅ አደረግሁት። ጥላ ወደ ተመልካቹ ካልወደቀ ዓይን ይታለላል፤ ተራራው ጉድጓድ፣ ሸለቆው ኮረብታ ሆኖ ነው የሚታየው። ዶሪስ ፎቶውን ከእጄ ተቀበሉና «ሰኞ ና» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

እኚህን ሴትዮ በእንግሊዝኛ እንደማንኛውም ሰው ነው የማናግራቸው፣ በልቤ ግን ሁልጊዜ አንቱ ናቸው። እርሳሳቸው ፀጉራቸው ውስጥ ተሰክቶ ይውላል። አንድ ሰው አዲስ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ከኋላው ይመጡና «ንፋሱ ከየት ነው?» ይላሉ። የባሕሩ ጥልቀት፣ የዛፉ ዓይነት፣ የዳርቻው መስመር፣ ይሄ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። የማዕበሉን አሰላለፍ አይተህ፣ ዛፎቹ ወዴት እንደተጋደሙ አይተህ ካልመለስክ እርሳስ አይሰጡህም። ደሴት ላይ ሁሉን ነገር የሚያደርገው ንፋስ ነው ባይ ናቸው። አሸዋውን የሚያመጣው፣ አለቱን የሚሰብረው፣ ወፉ የት እንደሚተኛ የሚወስነው እሱ ነው። ሁለተኛው ንግግራቸው ደግሞ ለእኔ ብቻ ነበር፦ «ይመር፣ ተቀመጥ።» ትንሽ ሠርቼ እነሳለሁ፣ ኮሪደሩን እዞራለሁ፣ እመለሳለሁ። እሳቸው አይቆጡም። ወንበሬን በእግራቸው ወደ እኔ ይገፉልኛል።

ያቺ ደሴት የመጣችልን እዚያ ቤት ነው። በፋይላችን ቁጥር ብቻ ነበራት፣ እኔ ግን ቅርጿን አይቼ ማጭዷ አልኳት። ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል፣ ከምድር ወገብ ትንሽ ዝቅ ብላ፣ ከማንም መንደር የቀናት የመርከብ መንገድ ርቃ የተቀመጠች ናት። ከፍተኛው ቦታዋ ከአንድ ፎቅ ቤት አይበልጥም። ዙሪያዋን ኮራል የሚባለው የባሕር አለት እንደ አጥር ከቧታል። በጀርባዋ በኩል፣ ማለትም በምሥራቅ፣ ንፋሱ ማዕበሉን እየነዳ ያመጣና አጥሩ ላይ ይሰብረዋል፣ የተሰበረ ኮራል እየወረወረም የድንጋይ ክምር ሠርቷል። በምዕራብ በኩል ማጭዷ ሆዷን ትሰጣለች። እዚያ ውሃው ጥልቀት የሌለው፣ ቀለሙ የሚያባባ ነው፣ አሸዋውም ዱቄት ነው። የማጭዷ ጫፍ ግን አንድ ቦታ አይረጋም። ንፋሱ ሲዞር አሸዋው ይነሳና ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ሲመለስ ይመለሳል። ጫፏን ስንት ጊዜ ሥዬ ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁት! እንደ እኔው ናት እላለሁ።

ሞቃት ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ደሴትን ከሰማይ ማንበብ ነጭን ከነጭ መለየት ነው። የማዕበል አረፋ ነጭ ነው፣ አሸዋ ነጭ ነው፣ ደመና ነጭ ነው። ዶሪስ እንዲህ አስተማሩኝ፦ አረፋ በሁለት ተከታታይ ፎቶ ላይ ቦታ ይለውጣል። ደመና ጥላ አለው። አሸዋ ቦታም አይለውጥም፣ ጥላም የለው። አራተኛ ነጭ አለ፤ እሱ የወፍ ኩስ ነው። የባሕር ወፎች በብዛት የሚያድሩበት ቁጥቋጦና ጠጠር ከላይ ሲታይ ኖራ የተረጨበት ይመስላል። ማጭዷ ላይ ይህ አራተኛው ነጭ በምሥራቁ ዳርቻ ሁሉ ተነጥፎ ነበር። ወፎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ባዶ ጠጠር ላይ ነው፣ ጎጆ እንኳ አይሠሩም። የሚፈሩት ሰው ስለሌለ።

የሚፈሩት ግን መጣ። ድሮ ያለፈ አንድ መርከብ አይጥ ጥሎባት ሄዶ ኖሮ፣ አይጡ እንቁላሉንና ጫጩቱን ይፈጀው ጀመር። ወፎችን የሚጠብቅ አንድ ድርጅት ሰው ልኮ አይጡን በመርዝ ለማጥፋት አሰበ። ከእኛ የፈለገው ካርታ ነው፤ ጀልባ የት ትጠጋለች፣ ድንኳን የት ይተከላል፣ ውሃ የት ይገኛል።

እኛ የተሳሳትነው በውሃው ነው። በደሴቲቱ ወገብ ላይ አንድ ክብ፣ ጥቁር አረንጓዴ ጫካ ነበር። ኮኮናት ከላይ ሲታይ ኮከብ ኮከብ ይመስላል፤ ይህ ግን ድፍን ብሎ የቆመ ትልልቅ ዛፍ ነው። እንግዲህ እኔ ያደግሁበት አገር መሬቱ ሁሉ ታርሶ ቡናማ ሆኖ መሃሉ ላይ እንዲህ ያለ ክብ ጫካ ከታየህ ማንንም አትጠይቅም። ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይ እንደ እኛ ሰፈር የወልይ መቃብር ነው። ዛፉን የሚደፍር የለም፣ አጠገቡ ደግሞ ምንጭ አለ። አገር ቤት ካርታ መሥሪያ ቤት ሳለን ሁላችንም ፎቶ ላይ እንዲህ ያለ ጫካ ስናይ የውሃ ምልክት እናደርግ ነበር፣ ኋላ መሬት ወርዶ የሚያረጋግጠውም እውነት ሆኖ ያገኘዋል። ይህን ለዶሪስ ነገርኳቸው። ተደሰቱ። ስለ አገሬ ዛፎች ደጋግመው ጠየቁኝ፤ እኔም ሰው ሲያዳምጠኝ ጊዜ አፌ ተፈታ። ነገሩ ጅልነት አልነበረም። ትንሽ ደሴት ላይ የዝናቡ ውሃ አሸዋው ውስጥ ይሰርግና ከሥሩ ባለው ከባድ የጨው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቆፍሮ መጠጣት ይቻላል። እናም ጫካው ዳር የሚጠጣ ጣፋጭ ውሃ ምልክት አደረግን። ዶሪስ ሳይን አደረጉበት። በዚያ ቀን ንፋሱ ከየት ነው ብለው አልጠየቁኝም።

ቢጠይቁኝ ኖሮ እናየው ነበር። ጫካው ወደ ምሥራቁ የድንጋይ ክምር የቀረበ ነው፣ ንፋሱ ደግሞ በዚያ በኩል ባሕሩን በድንጋዩ ክፍተት እየገፋ ከሥር ያስገባዋል። ጫካውን እንዲያ ያጠቆረው ምንጭ ሳይሆን ከላዩ የሚያድሩት ወፎች ፍግ ኖሯል።

ሰዎቹ በበጋ ሄደው ወረዱ፣ ጀልባዋም ጥላቸው ተመለሰች። ምልክቱ ላይ ቆፈሩ። ጨው። ሌላ ቦታ ቆፈሩ። ጨው። የያዙት ውሃ ሲያልቅ አንዲት ሴት ራሷን ስታ ወደቀች፤ ጀልባዋ ተጠርታ ሥራው ግማሽ ላይ ቆመ። ሴትዮዋ ዳነች፣ አልሐምዱሊላህ። አይጥ ደግሞ በግማሽ አይጠፋም። በሚቀጥለው ዓመት በመጣው ፎቶ ላይ የምሥራቁ ዳርቻ አራተኛው ነጭ ጠፍቶ መሬቱ ግራጫ ሆኖ አየሁት። እኔና ዶሪስ ጎን ለጎን ቆመን ብዙ አየነው። «ንፋሱን አልጠየቅሁህም» አሉኝ ብቻ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ። ካርታ ቤቷም ተሸጠችና ሳን ሆዜ ወዳለ ትልቅ ቢሮ ተጠቃለልን። እኔም በየቀኑ በስምንት መቶ ሰማንያ አውራ ጎዳና ተሰልፌ መኪና ውስጥ ስቁነጠነጥ ዓመታት አለፉ።

ልጄ ዘሀራ ያደገችው በማጭዷ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። የተበላሸ ፎቶ ቤት አመጣላታለሁ፣ ጀርባው ላይ ትሥላለች። ልጅ ሆና ስለ ሦስት እግሩ ጨርቅ ስነግራት የሽንት ቤት ወረቀት ይዛ ጓሮ ወጣችና አነጠፈችው። «አባ፣ ሳተላይቱ ያየናል?» ትለኛለች። ያየናል እላታለሁ። እናቷ ስለ ወረቀቱ ትቆጣለች። ዘሀራ ባዮሎጂ ተማረች። አንድ ቀን ሥራ ላይ ኮል አድርጋ «አባ፣ ጋት ኢት! ሥራውን አገኘሁት፣ ማጭዷ ጋ ልሄድ ነው፣ ሲሪየስሊ» አለችኝ። ያው የወፎቹ ድርጅት ሁለተኛ ጊዜ ሊሞክር ኖሮ ወፍ ቆጣሪ አድርጎ ቀጥሯታል።

ደስታም ድንጋጤም አንድ ላይ ያዘኝ። ከድጃን ግን ድንጋጤ ብቻ ነበር የያዛት። «ሰው የሌለበት አገር?» አለቻት፣ ዘሀራ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ቤት ስትመጣ።

«ማሚ፣ እኛ አለን እኮ። ቲም ነን።»

«እናንተ ከመሄዳችሁ በፊትስ? ባዶ ቦታ ባለቤት የለውም ያለሽ ማነው? ስትገቢ ቢስሚላህ በይ። የፈላ ውሃ ስትደፊ ቢስሚላህ በይ።» ይህን እያለች አዲስ ነጭ አንሶላ ሻንጣው ውስጥ ትከታለች። ዘሀራ እዚያ አልጋ የለም ብትላት አልሰማችም።

አዲሱ ካርታ የሚሠራው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። የድርጅቱ ሰዎች ደግሞ አሁን ከዝናብ በኋላ ስለሚሄዱ የጫካው ውሃ ጣፍጦ ይጠብቀናል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ከጭነታቸው ውሃ ቀንሰው የአይጥ መርዝ ሊጨምሩ ፈለጉ። አለቃዬ ኬቨን፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ «ይመር፣ ወይ አለ በል ወይ የለም በል። ሲስተሙ ‹አይታወቅም› የሚል ቦታ የለውም» አለኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ፓርኪንጉን ስዞር ስዞር ቆየሁ። ከዝናብ በኋላ ሊጣፍጥ ይችላል። ላይጣፍጥም ይችላል። እኔ እዚያ ቆሜ አላውቅም። ተመልሼ «የለም በል» አልኩት። የጉዞው መሪ ደውሎ ሲከራከረኝም «አለ ያልነው እኛው ነን፣ ደርሰን አይተን ግን አይደለም። ሙሉ ውሃችሁን ያዙ» አልኩት። ያዙ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር። ዘሀራ በሳተላይት ስልክ ትደውላለች፣ ስለ ሸርጣንና ስለ ወፍ ታወራለች፣ እናቷ ምን በላሽ ትላለች። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። መመለሻ ቀናቸው ደረሰ፣ የምታመጣቸው ጀልባ ግን ወደብ ላይ ሞተሯ ተበላሸ። ሌላ ጀልባ እስኪገኝ ጠብቁ ተባልን። ድርጅቱ ደውሎ የያዙት ውሃ ለጥቂት ቀን ይበቃቸዋል ብለን እናምናለን አለን። ብለን እናምናለን! ከድጃ መስገጃዋ ላይ ዋለች። እኔ ቁጭም ብል ብቆምም አንድ ሆነብኝ፤ ያቺ ወድቃ የነበረችው ሴትዮ ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

ኬቨን ሳይጠየቅ አዲስ የሳተላይት ፎቶ በየጊዜው እንዲታዘዝ ፈቀደ። ይመጣል፣ እከፍተዋለሁ፣ ደመና። ደግሞ ይመጣል፣ ደመና። አገሩ እንዲያ ነው፤ ባሕሩ ጠራ ሲል ደሴቲቱ ራሷ ላይ ደመና ታስቀምጣለች። ደመና ማለት ዝናብ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ባይዘንብስ እላለሁ። የቢሮው ሰው እኔን ማየት ፈራ።

ከዚያ አንዱ ፎቶ መሃሉ ተከፍቶ መጣ። ጥላው ወደ እኔ እስኪወድቅ ድረስ አዞርኩት። ማጭዷ ነች። ጫፏ ወደ ሰሜን ሄዷል። ጫካው ቦታው አለ። በጫካው ምዕራብ ዳር፣ አሸዋው ላይ፣ ከአሸዋው የበለጠ የነጣ ነገር አለ። አረፋ ነው? ከባሕሩ ርቋል። ደመና ነው? ጥላ የለውም። ወፍ ነው? ወፍ ቀጥ ብሎ አይሰለፍም። አቀረብኩት። ከአንድ መሃል የተነሳ፣ ወደ ሦስት አቅጣጫ የተዘረጋ ሦስት እግር። የአንደኛው እግር ጫፍ ብቻ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

ወንበሬን ገልብጬ ተነሳሁ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም፣ በአማርኛ ነው አሉ። ፎቶውን አትሜ ይዤ ኦክላንድ ገባሁና ከድጃ ፊት ዘረጋሁት። መነጽሯን አድርጋ አየችው፣ ጣቷንም አስቀመጠችበት።

«አዲሱን አንሶላዬን ቀደደችው» አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ጀልባ ተገኝቶ ሲመለሱ ኤርፖርት የወሰደን ታደሰ ነው። ዘሀራ ጠቁራ፣ ከስታ፣ እግሯን ኮራል ቆርጧት እያነከሰች ወጣች። እናቷን አቀፈች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር፦ «አባ፣ ጨው ነው። ከዝናብ በኋላም ጨው ነው፣ ቀመስኩት።» ስልኩ ባሕር ውስጥ ወድቆባቸው ኖሯል። የያዙት ውሃ ሲያልቅ የድንኳን ሸራ ወጥረው ዝናብ እያጠራቀሙ ጠጡ። «የያዝነውን ያህል ውሃ ባንይዝ ኖሮ፣ አባ፣ ዝናቡ እስኪመጣ አንደርስም ነበር» አለችኝ። ታደሰ ሻንጣውን እንደያዘ ቆሞ ሰማት። ካርታው ለማን ነው ብሎ ከዚያ ቀን በኋላ አልጠየቀኝም።

በዚያው ሰሞን እኔና ዘሀራ አልባኒ ዶሪስ ቤት ሄድን። ዶሪስ እጅግ አርጅተዋል፣ ከወንበራቸው አይነሱም፣ እርሳሱ ግን ፀጉራቸው ውስጥ አለ። ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። እኔ እንደ ልማዴ መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ብዙ አዩት። ጫካውን አዩ፣ ሦስቱን እግር አዩ፣ ከዚያ አንገታቸውን ሳያነሱ እንደ ድሮው ጠየቁ።

«ንፋሱ ከየት ነው?»

የታጠፈችውን እግር አይቼ ልመልስ አፌን ስከፍት ዘሀራ ቀደመችኝ። «ከምሥራቅ» አለቻቸው። «ሌሊቱን ሙሉ ፊቴን ሲመታኝ ነበር። ድንጋዩን ሁለቴ አንስቶብኛል። ያቺን ጫፍ ማቃናት አቃተኝ።»

ዶሪስ ቀና አሉ። እርሳሱን ከፀጉራቸው አወጡና ለእሷ ሰጧት፣ አጠገባቸው ያለውንም ባዶ ወንበር በእግራቸው ወደ እኔ ገፉልኝ።

ቁጭ አልኩ።